በአንድ ዓይን የተሳለው አማላጅ

የዚያን ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ማን የት እንደነበረ እስካሁን አልረሳሁም። ቴሌቪዥኑ መድረኩ ላይ፣ በሁለት የተማሪ ጠረጴዛዎች ላይ ተቀምጧል። በስተቀኙ ሥዕሎቹን የሳሉት አቶ ክንፈ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል። በስተግራው ተውኔቱን ያሳጠረው የአማርኛ መምህር ዳኘው አለ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ብርሃኑ ከዞን ከመጡት እንግዶች ጋር የፊት ወንበር ይዟል። ተማሪዎች ወለሉ ላይ፣ ወላጆች ከኋላ አግዳሚዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። ከወላጆቹ መካከል፣ በግድግዳው በኩል፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ ከታናሽ ልጃቸው ጋር ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አቶ ተጫነ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው በሩን ይዘዋል። መስኮቶቹን ብርሃን እንዳያስገቡ በባና ብርድ ልብስ የሸፈኑልን እሳቸው ናቸው። እኔ ከቪዲዮ ማጫወቻው፣ ከዴኩ፣ አጠገብ ነበርኩ። ካሴቱን ያስገባሁት፣ ቁልፉንም የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። በሽኝቱ ዕለት አንድ ወጣት ባልደረባዬ ስልኩን አወጣና አንድ ሙሉ ተውኔት በሚንቀሳቀስ ሥዕል ተተርኮ የሚያልቅበትን አጭር ቪዲዮ አሳየኝ። ሥዕሎቹን የሠራው ኮምፒዩተር ነው። “እትዬ ዘነበች፣ እናንተ ይህን በእጅ ነበር አሉ የምትሠሩት?” አለኝ። አዎን አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም በዚያ ሁካታ መካከል የምነግረው አይመስለኝም። እቤቴ ከተቀመጥኩ ወዲህ ግን ነገሩ ስለተመላለሰብኝ ልጽፈው አሰብኩ።

ሥራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ራቤል በምትባል ከተማ ነው። የማይምነት ማጥፋት ዘመቻ ጊዜ ስለነበር ሥራዬ ፊደልና ሥዕል በጨርቅ ላይ እያባዙ ለየቀበሌው ማደል ነበር። ከዚያ ወደ ቀየት፣ ከቀየት ደግሞ ከሞላሌ ብዙ ወደማትርቅ ከተማ ተዛወርኩ። የመጨረሻው ቦታዬ የወረዳው የትምህርት መሣሪያዎች ማዕከል ነው። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የቀለም ቁምሳጥን ያለው ቤት ነበር። ደመወዙ ከሌላው የመንግሥት ሠራተኛ አይበልጥም፣ አያንስም። መንግሥት ሲለወጥ በራችን ላይ ያለው ጽሑፍ ተለወጠ፣ ካርታዎቹንም እንደ አዲስ ሳልናቸው። እኛ ግን እዚያው ቆየን።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ክንፈ ናቸው። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በአካባቢያችን የታወቀ አንድ ደብር ግድግዳው የአባትየው እጅ ነው። አቶ ክንፈም ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀለም እየበጠበጡ ከአባታቸው ተምረው፣ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ተምረዋል። ሲስሉ ዓይንን መጨረሻ ላይ ያስቀሩታል። ልብሱ፣ እጁ፣ ጫማው ሁሉ አልቆ ፊቱ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ያድራል። “ዓይን ካበጀሁለት በኋላ አላዝዘውም። እሱ ነው የሚያዘኝ” ይሉ ነበር። ብሩሻቸውን ሌላ ሰው እንዲያጥብላቸው አይፈቅዱም። የተበላሸ ሥዕል አይቀድዱም፤ ገልብጠው በጀርባው ሌላ ይስሉበታል።

ከሁሉም የማልረሳው ግን አንድ ልማዳቸውን ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ደጅ አውጥተው ግድግዳ ላይ ይለጥፉትና ያለፈ ያገደመውን፣ ገበያተኛውን ሳይቀር፣ “ምን ይታይዎታል?” ብለው ይጠይቃሉ። አያስረዱም። የሚመልስላቸውን ሰምተው ገብተው ያርማሉ። ቀየት አብረን ስንሠራ የአንድ ገበሬን ውሎ በሦስት ሥዕል አሳይተን ነበር፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ። አንዲት ሴት ተመልክተው “ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ መካከለኛው ሰነፍ ነው” አሉ። መካከለኛው ምሳ የሚበላው ነው። አቶ ክንፈ አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሥዕል ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለይ አንድ ነገር እንሰጠዋለን። ለአንዱ ቀይ ጥምጥም፣ ለሌላው የተቀደደ ኩታ። ሰውዬውን ሰው የሚያውቀው በዚያ ነው።

ቪዲዮው የመጣው ከርዳታ በተገኘ ቴሌቪዥንና ዴክ ነው። ዕቃው ደረሰ፣ የሚታይበት ነገር ግን አልነበረም። መምህር ዳኘው በዚያው ሰሞን ማዕከሉ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፤ ሲናገር ይራመዳል።

“በመማሪያ መጽሐፉ ያለው ባለ አምስት ገቢር ተውኔት ልጆቹን ገደላቸው” አለ። “በቆየ ቋንቋ የተጻፈ ግጥም ነው። ሁለት ገጽ ያነቡና እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ታሪኩን በሥዕል፣ ባጭሩ፣ በቪዲዮ ብናሳያቸውስ?”

“ባጭሩ ማለት ምን ያህል?” አሉ አቶ ክንፈ።

“እንጀራ በልቶ እጅ እስኪታጠቡ።”

“ቀርፋፋ በላተኛ ነው ወይስ ፈጣን?”

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ተማሪዎቹ ተውኔቱን “አምባው” ነው የሚሉት። አምባ ላይ የሸፈተ አንድ ጌታ አለ፤ ከታች ተከቧል። አንድ ሽማግሌ አማላጅ ሆኖ ይወጣና “ቃል ተገብቶልሃል፣ መሣሪያህን አስቀምጠህ ውረድ” ይለዋል። ጌታው አምኖ ሲወርድ ይያዛል። አማላጁ የከዳ ይመስላል። በመጨረሻው ገቢር ግን ቃሉን ያጠፈው ሌላ ሰው፣ የጌታው የገዛ ወንድም፣ መሆኑ ይገለጣል። አማላጁ ንጹሕ ነው፣ እሱም ተታሏል። ይህ ብቻ ነው ታሪኩ። ግጥሙ ግን ረጅም ነው።

ለአማላጁ መልክ የሚሆነን ሰው ፍለጋ አልደከምንም። አቶ ተጫነ ዘበኛ ይሁኑ እንጂ በአገሩ ሽምግልና ከሳቸው የሚበልጥ አልነበረም። በዚያው ጊዜም አንድ የደም ነገር ይዘው ነበር። የወይዘሮ ጌጤነሽን የበኩር ልጅ በግጦሽ ጠብ የገደለው የአቶ ደምሴ ልጅ ነው። እስሩን ጨርሶ ወጥቷል፤ ነገር ግን አገሩ መግባት አልቻለም። የወይዘሮ ጌጤነሽ ታናሽ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ይጠብቀዋል። አቶ ተጫነ ከሁለቱ ቤት ደጅ ሁለት ዓመት ተመላልሰው ሁለቱንም እሺ አሰኝተዋል። ዕርቁ የሚፈጸመው በተከታዩ ወር መጨረሻ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ታናሹ ልጅ ጠመንጃውን አስቀምጦ ዕርቁ ወደሚደረግበት ሜዳ ይወርዳል። ያ ካልሆነ ሌላ ሬሳ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል።

እሳቸው ግን ሲጫወቱ ሌላ ሰው ናቸው። አቶ ክንፈ አማላጅ እንዴት እንደሚቆም ሲጠይቋቸው ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

“እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ከተናገርከው ይቆጣል። በጆሮው ከነገርከው የራሱ አሳብ ይመስለዋል።”

“እሷ እምቢ ብትልዎትስ?” አሉ አቶ ክንፈ ወደ እኔ እያመለከቱ።

“ዘነበች እምቢ አትልም። ዝም ነው የምትል። ከእምቢ የሚከፋው እሱ ነው።”

አቶ ክንፈ በዚያው አቋማቸው ሳሏቸው፤ በጌታው ጆሮ ሲናገሩ፣ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰይጣን፣ ከሓዲና ሰማዕታትን የሚያሠቃይ ንጉሥ ግን በጎን ነው የሚሳሉት። አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ማንም ተቀምጦ አያስተምርም። በግድግዳው ሥር ቆሞ የሚያስቀድስ ሁሉ ያውቀዋል።

አቶ ክንፈ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ያደረጉትም አውቀው ነው። ሥዕሉን ደጅ ለጥፈው ያለፉትን ሲጠይቁ አንድ ሽማግሌ “ይሄ የሚያንሾካሽከው ክፉ ነው” አሏቸው። አቶ ክንፈ ደስ ብሏቸው ገቡ።

“ይጠርጥሩት” አሉኝ። “እስከ መጨረሻው በጎን ነው የምስለው። በአምስተኛው ገቢር፣ ንጹሕ መሆኑ ሲገለጥ፣ ፊቱን አዞረዋለሁ። ሁለት ዓይኑን ያያሉ። ዳኘው አንዲት ቃል መናገር አያስፈልገውም።”

ያንን የመጨረሻ ሥዕል ሲስሉ አጠገባቸው ነበርኩ። ያው ሰውዬ ነው፣ ያው ኩታ፣ ያው የተጎነበሰ ትከሻ። ፊቱ ብቻ ወደ እኛ ዞሯል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከዚያ የሚበልጥ ሥዕል አላየሁም። አምስት ገቢር ግጥም በአንድ አንገት መዞር አለቀ።

ቀረጻውን ያደረገልን ከደብረ ብርሃን የመጣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። ሥዕሎቹን በግቢው ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ እየሰቀልን ካሜራውን በሦስት እግር አቆመ። ጉም ሲወርድ እንቆማለን፣ ሲገለጥ እንቀጥላለን። ልጁ ሥዕሉን በዝግታ ከእግር እስከ ራስ የመቅረጽ ልማድ ነበረው። “ሙሽራ አይደለም እኮ፤ እጁን አሳየን” ይሉታል አቶ ክንፈ። አቀናብሮ ሲያመጣው በየገቢሩ መካከል ልብ የሚመስል ነገር እየተከፈተ አበባ ይረግፋል። መምህር ዳኘው ራሱን ያዘ።

“ሰው በሚታሰርበት ቦታ አበባ?”

“ሌላ ነገር የለውም ማሽኑ” አለ ልጁ። “ወይ ልብ ነው፣ ወይ ርግብ።”

አበባውን በግድ አስወጣነው።

ክርክር የተነሣው በመጨረሻው ሥዕል ላይ ነው። ዳኘው መጨረሻው እንዳይታይ ፈለገ።

“ሁሉን ካሳየናቸው መጽሐፉን ማን ይከፍታል? እኛ የምንሠራው መጽሐፉን እንዲረዱት ነው፣ እንዲተዉት አይደለም። ጌታው ሲወርድ እናቁም። ‘አማላጁ ማነው?’ ብለን እንጠይቅ። አንብበው ይምጡ። ከዚያ ፊቱ የዞረውን በሁለተኛው ካሴት እናሳያቸዋለን።”

አቶ ክንፈ ተቀበሉት። እኔም ትክክል መሰለኝ። ለተማሪ ትክክል ነበር።

ከዚያ አቶ ብርሃኑ የዞን እንግዶች እንደሚመጡ ሰማ። ኃላፊያችን ቀና ሰው ነው፤ ሥራው ሰው እንዲበዛበት ይወዳል። በገበያ ቀን ወላጆችን በሙሉ አስጠራ። ማናችንም ወላጆች መጽሐፉ እንደሌላቸው፣ ብዙዎቹም ማንበብ እንደማይችሉ ከሥራው ጋር አያይዘን አላሰብነውም። ማይምነት ማጥፋት ላይ ሥራ የጀመርኩት እኔም አላሰብኩትም።

ቁልፉን ተጫንኩ። የዳኘው ድምፅ ይተርካል፣ ሥዕሎቹ ያልፋሉ። አማላጁ ሲመጣ ተማሪዎቹ “ጋሽ ተጫነ! ጋሽ ተጫነ!” እያሉ ሳቁ። ሳቁ የደስታ ነበር። አቶ ተጫነ በሩ ላይ ሆነው ስማቸውን ሲሰሙ እጃቸውን አነሡላቸው፤ ዞረው ግን አላዩም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አማላጁ በጌታው ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ ዓይኑ፣ “ውረድ” ይላል። ጌታው ጦሩን ለእናቱ ሰጥቶ ወረደ። ከታች ያዙት። የዳኘው ድምፅ “አማላጁ ማነው? መልሱን ከመጽሐፋችሁ ፈልጉ” አለና ቆመ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ተነሡ። ልጃቸውን በእጁ ይዘው በአግዳሚዎቹ መካከል ወጡና በሩ ላይ ከአቶ ተጫነ ጋር ተገናኙ። ሰው ሁሉ ይሰማል።

“ወጡ እንዴ? ንግግር አለ እኮ” አሏቸው አቶ ተጫነ።

“ያየሁት ይበቃኛል።”

“ምን አዩ?”

“ሁለት ዓመት ቤቴ ሲመላለሱ በሁለት ዓይንዎ ነበር የሚያዩኝ” አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ። ድምፃቸው አልጨመረም። “ልጄን ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ለማን እንደማወርደው ዛሬ አየሁት።”

ሄዱ። አቶ ተጫነ ቴሌቪዥኑን ተመለከቱ፤ ምንም የለበትም። ከዚያ እኔን ተመለከቱኝ።

“ምንድን ነው ያሳያችኋቸው?” አሉኝ።

 እጄ ዴኩ ላይ እንዳለ ነበር።

ሰኞ ጧት አቶ ክንፈና እኔ የመጨረሻውን ሥዕል በጨርቅ ጠቅልለን ወይዘሮ ጌጤነሽ ቤት ሄድን። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ተቀመጡ አላሉንም። አቶ ክንፈ ሥዕሉን ገልጠው ያዙላቸው።

“ይኸውልዎ፤ የታሪኩ መጨረሻ ይህ ነው። ሰውዬው ንጹሕ ነው። ፊቱ ዞሯል፣ ሁለት ዓይን አለው።”

ወይዘሮ ጌጤነሽ እንዝርቱን ሳያቆሙ ተመለከቱት።

“የመጀመሪያውን የሳለው ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“እርስዎ የደብራችንን ግድግዳ የሳሉት የአለቃ ልጅ አይደሉም?”

“ነኝ።”

“ታዲያ አንድ ዓይን ለማን እንደሚሰጥ አያውቁም?”

“አውቃለሁ። አውቄ ነው…” አሉና አቶ ክንፈ ቆሙ። ያመለጣቸውን ቃል ሁላችንም ሰማነው።

“አውቀው ነው” አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ። “እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።”

ጣልቃ ገባሁ። “እትዬ ጌጤነሽ፣ ተውኔት ነው። የተጻፈ ነገር ነው። አቶ ተጫነ መልካቸውን ብቻ ነው የሰጡን።”

“አንቺዬ፣ እናንተ ከተማ ውላችሁ የምትሰሙትን እኔ አልሰማም። ተጫነ ከደምሴ ጋር ምን እንደተነጋገረ አታውቁም አልልም። በአፋችሁ መናገር ፈርታችሁ በሥዕል ነገራችሁኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልላችሁ ነበር። አሁን ደግሞ ዓይን ጨምራችሁለት መጣችሁ። ማን አዘዛችሁ?”

“ማንም አላዘዘንም” አሉ አቶ ክንፈ። “ሁለቱም በአንድ ሳምንት ነው የተሳሉት።”

“እንግዲያ ቅዳሜ ለምን አላሳያችሁንም?”

“ልጆቹ መጽሐፉን እንዲያነቡ ብለን ነው።”

ወይዘሮ ጌጤነሽ እንዝርቱን አቆሙ። ይህን መልስ ለመረዳት በእውነት ሞከሩ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ሂዱ” አሉ። “የላካችሁን ደምሴን በርታ በሉልኝ።”

 በመንገድ ላይ አቶ ክንፈ አንድ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠው ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተመለከቱት። እሳቸው የሣሉትን ወይዘሮ ጌጤነሽ በትክክል አንብበውታል። በማረም የሚድን ስሕተት አልነበረበትም። እኔም በዚያን ጊዜ የደነገጥኩት በዚህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥዕልን ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው ሳይገባው ሲቀር ነው ብዬ ነበር የማምን።

በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቹ ሁለተኛው ካሴት ታየ። የአማላጁ ፊት ሲዞር ከፊት የተቀመጠች ልጅ “ውይ፣ እሱ አይደለም ለካ” አለች። ዳኘው ዕንባው መጣ። ልጆቹ ተውኔቱን ተረድተውታል፣ ተከራክረውበታል፣ መጽሐፉንም ከፍተውታል። በሥራዬ እንደዚያ የተሳካ ነገር አላየሁም። ማታ ቤታቸው ገብተው አማላጁ ንጹሕ ነው ብለው ሲናገሩ ወላጆቻቸው “ለናንተ እንዲያ ብለዋችሁ ይሆናል” አሏቸው።

ወላጆቹን እንደገና ጠርተን ሁለተኛውን እናሳይ ብለን ለመንን። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ የተያዘው በጀት አልቋል ተባለ። አቶ ክንፈ ከኪሴ እገዛለሁ ሲሉ አቶ ብርሃኑ አሠራር አይደለም አለ። በወሩ ግምገማ ላይ ሥራችን እንደ ጥሩ ተሞክሮ ተነሣ። “ኅብረተሰቡ በስፋት ተሳትፎ ግንዛቤ ጨብጧል” አለ አቶ ብርሃኑ።

“ምን ግንዛቤ?” አሉ አቶ ክንፈ።

“ስለ ድራማው ነዋ።”

አቶ ክንፈ ወደ እኔ ተመለከቱ። ቃለ ጉባኤው እንደዚያው ተጻፈ፤ ፈረምን። አቶ ክንፈ ከዚያ በኋላም ብዙ ተውኔቶችን አሳጥረው ሥለዋል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩም እንኳ ሁለቱም ወደ ተመልካቹ እንዲዞሩ ያደርጓቸው ነበር። አዲስ የመጡ ሠራተኞች “ሰዎቹ ተጣልተው ነው?” ይሉ ነበር።

አቶ ተጫነ በዚያ ሰሞን በር ላይ እንደ ወትሮው ይጫወቱ ነበር። “ተዋናይ ሆኛለሁ፤ ሰላም የምላችሁ በቀጠሮ ነው” ይሏቸዋል ተማሪዎቹን። ወይዘሮ ጌጤነሽ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄደው በሩ እንዳልተከፈተላቸው የነገረኝ ሌላ ሰው ነው።

የዕርቁ እሑድ ሄድኩ። አቶ ክንፈ አልመጡም። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ፣ ጥድ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። አቶ ተጫነ ከመካከላቸው ናቸው፤ ነጭ ኩታ ለብሰዋል። አቶ ደምሴ ከልጃቸውና ከዘመዶቻቸው ጋር በአንድ በኩል ናቸው። እኛ ሴቶች ሜዳውን በከበበው የድንጋይ ካብ አጠገብ ቆመናል። በላይኛው በኩል፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ ከልጃቸው ጋር ቆመው ይታያሉ። ልጁ ጠመንጃውን ይዟል። አይወርዱም።

ቄሱ ወጥተው አነጋግረዋቸው ተመለሱ።

“ዕርቁን አልጠላም ይላሉ” አሉ ቄሱ። “ተጫነ ካለበት ግን ልጄን አላወርድም ነው የሚሉት።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው “ይህን ነገር እዚህ ያደረሰው እሱ አይደለም እንዴ?” አለ። ሌላው ወደ አቶ ደምሴ ዞረ።

“ደምሴ፣ አንተ ታውቃለህ። ተጫነ ባንተ ቤት ምን አለ፣ ምን አደረገ? ተናገር።”

አቶ ደምሴ ያውቃሉ። አቶ ተጫነ ስንት ጊዜ እንደወቀሷቸው፣ ለወይዘሮ ጌጤነሽ ወግነው ስንት ነገር እንዳስቀበሏቸው ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አንዲት ቃል ትበቃለች። ልጃቸውን ተመለከቱ፣ አፋፉ ላይ ያለውን ጠመንጃ ተመለከቱ።

“እኛ ምን እናውቃለን” አሉ። “እትዬ ጌጤነሽ እንደፈቀዱ ይሁን።”

ጆሮዬን አላመንኩም። ከሽማግሌዎቹም ለአቶ ተጫነ የቆመላቸው የለም። አቶ ተጫነ አቶ ደምሴን ለአፍታ ተመለከቷቸው። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፣ ኩታቸውን አስተካከሉ፣ በሰዎቹ መካከል አልፈው እኛ ወዳለንበት መጡና ካቡን ተሻግረው ከውጭ በኩል ቆሙ።

እኔ ወደ ሜዳው መሄድ ስጀምር ከኋላዬ ጠሩኝ።

“ዘነበች፣ ወዴት ነሽ?”

“ልናገር ነው። የታሪኩን መጨረሻ ልነግራቸው ነው። አቶ ደምሴንም በሰው ፊት እጠይቃቸዋለሁ።”

“ነይ ተመለሽ።”

“ውሸት ነው እኮ፣ አቶ ተጫነ።”

“አውቃለሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሁለቱ ወገኖች ልጁ ከሞተ ወዲህ ባንድ ነገር ሲስማሙ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። የተስማሙት በእኔ ነው። አሁን ገብተሽ ንጹሕ ነው ካልሽ፣ ደምሴ ዋሸ ማለት ነው። ደምሴ ከዋሸ የጌጤነሽ ልጅ አይወርድም። ተመለሽ።”

ተመለስኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ካቡን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ከውስጥ በኩል ነበርኩ፣ ፊቴ ወደ ሜዳው።

“ወረደ?” አሉኝ ከቆይታ በኋላ።

“እየወረደ ነው። እናቱ ከፊት ናቸው።”

“ጠመንጃውስ?”

“ለቄሱ ሰጠ።”

“የደምሴ ልጅ?”

“ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። በሟቹ ወንድም እግር ላይ ወደቀ።”

“አነሣው?”

ወዲያው አልመለስኩም፤ ልጁ ወዲያው አላነሣውምና።

“አነሣው” አልኩ። “ተሳሳሙ።”

 የአቶ ተጫነ ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁ። ከሜዳው እልልታ ተሰማ። የዕርቁ በግ ታረደ፣ የሁለቱ ቤት ሰዎች ባንድ ላይ እንዲቆርሱ ተጠሩ። አንዱ ሽማግሌ ቆሞ ስም እየጠራ ያስቀምጣል። የሽማግሌዎቹን ስም ጠራ፣ የካህናቱን ጠራ፣ የሴቶቹንም ጠራ። የኔ ስም ሲጠራ አልሄድኩም። ወደ ካቡ በኩል የተመለከተ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ጌጤነሽ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ነበር፤ ካቡን አይተው አንገታቸውን መለሱ።

“ሂጂ ቅመሺ” አሉኝ አቶ ተጫነ፣ አሁንም ሳይዞሩ።

ነጠላዬን አጣፋሁና ሳልቀምስ በካቡ ክፍተት በኩል ወጥቼ የከተማውን መንገድ ያዝኩ።